ሐብሐቡ ከጉድጓድ እስኪወጣ

«ብሉ እንጂ! ምነው ገና ሳትጀምሩት ተዋችሁት?» ማኑሶስ ከሸክላ ድስቱ ሌላ ቅልጥም አውጥተው በልጃቸው ሳህን ላይ ጣል አደረጉበት።

«አባዬ፣ በቃኝ! ልትገድለኝ ነው እንዴ?»

«ግልገል ፍየል በልቶ የሞተ ሰው በዚህ ተራራ ላይ ቀብረን አናውቅም። ብላ!»

ልጃቸው ሌፍቴሪስ እየሳቀ ቅልጥሙን አነሳ። የመንደሩ ሰው ሁሉ ለፍልሰታ ፍቺ ሲያርድ፣ ማኑሶስ በአይብ ፈስከው ግልገሉን ለዛሬ አቆይተውት ነበር። ባለቤታቸው አርጊሮ ከሞቱ ወዲህ ግቢው ውስጥ ያለው የእንጨት ምድጃ ሲነድ ይህ የመጀመሪያው ነው። ከሌሊቱ ጀምሮ ሲማግዱ፣ ሲያማስሉ፣ ጣታቸውን ሲያቃጥሉና ብቻቸውን ሲራገሙ ነው ያነጉት።

ሌፍቴሪስ፣ ጀርመናዊት ሚስቱ ኡልሪከና የሰባት ዓመት ልጃቸው ለዕረፍት ከሽቱትጋርት ወደ ቀርጤስ ከመጡ ሳምንት አልፏቸዋል። ያረፉት ግን ታች ባሕሩ ዳር፣ መዋኛ ገንዳ ያለው ሆቴል ውስጥ ነው። ከዚህ ከወይኑ ጥላ ሥር ሆኖ ጣሪያው ይታያል። ማኑሶስ ሰሞኑን ማታ ማታ መብራቱን ሲያዩ «ያውና ልጄ» ይሉ ነበር፣ ለማንም ሳይሆን እንዲሁ። ወደ መንደሩ የወጡት ዛሬ ብቻ ነው፤ ነገ ይሄዳሉ።

«አያቴ» አለች ትንሿ ልጅ፣ አፏ ዘይት በዘይት ሆኖ። «የዚህ ሬስቶራንት ስሙ ማን ነው?»

ስሟ እንደ አያቷ አርጊሮ ነው፤ ወላጆቿ አሪ እያሉ ቢያሳጥሩትም። ገና ከመኪና ስትወርድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለቻትን ቀይ ቦርሳ ለማኑሶስ አሳይታቸዋለች። አባቷ ምግብ ቤት በወሰዳት ቁጥር ከዚህች ቦርሳ ሳንቲም አውጥታ የአስተናጋጁን ጉርሻ የምታስቀምጠው እሷ ናት።

«ስሙ? ቤታችን ነው የሚባለው» አሉ ማኑሶስ።

«ከበላንባቸው ሁሉ ይሄ ይበልጣል።»

«በጣም ጥሩ!» አለች ኡልሪከም። የምታውቀው የግሪክ ቃል ይኸው ነው፤ ከመጣች ጀምሮ ለወይኑም፣ ለድመቷም፣ ለንፋሱም ስትለው ውላለች።

ማኑሶስ ደስ ብሏቸው ተነሡና አይብ አመጡ። ቀጥለው ወይራ አመጡ። ከዚያ ደግሞ በቲማቲም የራሰ ደረቅ የገብስ ዳቦ። ሰው ጠግቦ ወንበሩን ወደኋላ ሲገፋ እሳቸው ዱባ የመሰለ ቲማቲም ይዘው ብቅ ይላሉ። ሐብሐቡን ብቻ አላመጡም። ሐብሐቡ ከንጋት ጀምሮ በከረጢት ሆኖ፣ በገመድ ተንጠልጥሎ የውሃ ጉድጓዱ ውስጥ እየቀዘቀዘ ነው። በዚያ አገር ሐብሐብና አረቄ ከቀረበ ማዕዱ አበቃ ማለት ነው፤ እንግዳ አንድ መለኪያ ጨልጦ፣ አመስግኖ ይነሳል። ሐብሐቡ ጉድጓድ ውስጥ እስካለ ድረስ ማንም የትም አይሄድም።

ጣሪያው ላይ ደግሞ ፍራሾች አንጥፈዋል። በነሐሴ ሙቀት መንደሩ የሚተኛው እዚያ ነው። ለአንዲት ሌሊት ብቻ እንዲያድሩላቸው ነው የፈለጉት፤ ጧት ሲነሡ የሰው ድምፅ እንዲሰሙ። ይህን ለማለት ከግልገሉ ጀምሮ እስከ ቲማቲሙ ድረስ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ቆይተዋል።

«ዛሬ ማታ ነፋሻ ነው የሚሆነው» አሉ በመጨረሻ። «ጣሪያው ላይ አንጥፌላችኋለሁ። ልጅቷ ኮከብ ትይ።»

ሌፍቴሪስ ሚስቱን አየ፤ ከዚያ ሰዓቱን።

«አባዬ፣ ሆቴሉ እኮ ተከፍሏል።»

«ታዲያ አልጋው ጥሎህ ይጠፋል?»

«ማታ የልጆች ትርኢት አለ፣ አሪም ትጨፍራለች። በረራችንም ማለዳ ነው። ለሚቀጥለው ዓመት፣ እሺ?»

ማኑሶስ ፍርፋሪውን በእጃቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉ። «ቆይ፣ በለስ ላምጣላችሁ» ብለው ሊነሡ ሲሉ ልጃቸው ክንዳቸውን ያዝ አደረገ። ወደ ጉድጓዱ አፍ፣ ወደ ተወጠረው ገመድ እያየ ነበር።

«አባዬ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሐብሐቡን አውጣው።»

ልጃቸው የአገሩን ወግ አልረሳም። ከረሳው ሁሉ ይህን ምናለ ቢረሳው! ከፋቸው። ገመዱን እንደዚያን ቀን ዝግ ብለው ስበው አያውቁም።

ሐብሐቡ እንደ በረዶ ቀዝቅዟል። አረቄው ተቀዳ፣ መለኪያ ተጋጨ፣ ልጅቷ ፍሬውን እንትፍ እያለች ግቢውን ሞላችው። ከዚያ የፈሩት ሆነ፤ ወንበር ተገፋ፣ ተሳሳሙ፣ ኡልሪከ አቅፋቸው «በጣም ጥሩ» አለች፣ የመኪናው በር ተዘጋ።

ማኑሶስ ተመልሰው ሳህን ማንሳት ጀመሩ። የልጅቷን ሳህን ሲያነሡ ከሥሩ የሁለት ዩሮ ሳንቲም አገኙ።

መጀመሪያ ሳቁ። ጥሟታል ማለት ነው። ቀጥሎ ግን ቀይዋ ቦርሳ ትዝ አለቻቸው፤ ሳንቲሟን ጨብጠው ወደ ግቢው ጠርዝ ሮጡ። መንገዱ ተራራውን እየዞረ ስለሚወርድ መኪናዋ ገና ከሥራቸው ነበረች።

«አርጊሮ!» ብለው ጮኹ፣ ሳንቲሟን ከፍ አድርገው ይዘው። «ነይ፣ ውሰጂው! ቤትሽ እኮ ነው!»

ንፋሱ ቃላቸውን ወደ ተራራው ወሰደው። ከመኪናዋ መስኮት አንዲት ትንሽ እጅ ወጣችና ተውለበለበች። ከወዲያኛው መስኮት ደግሞ የእናቷ እጅ ወጣ። ሌፍቴሪስም ጡሩምባውን ነፋላቸው።

መኪናዋ ከመታጠፊያው ጀርባ እስክትሰወር ድረስ ማኑሶስ ሳንቲም የያዘውን እጃቸውን አላወረዱም።