አራተኛው ስልክ

ኢንተርኔት ከተዘጋ ወር ሊሞላው ነው። ስልክ ጠጋኙ ታላቅ ወንድሜ ለእናታችን፣ ለእኔና ለራሱ መልእክት ከስልክ ወደ ስልክ የሚያደርስ የግል ኔትወርክ ጫነልን።

«ባለቤት የለው፣ ጠባቂ የለው። ከሦስታችን በቀር ማንም አይገባበትም፤ በእኔ ተማመኑ» አለ።

አመንኩት። ልብስ ስፌት ቤቴ ውስጥ ደንበኞቼ የሚያወሩትን ሁሉ፣ ማን ምን እንዳለ ሳይቀር፣ እጽፍለት ጀመር። ከዚያ ወዲህ፣ ያሉትን ከጻፍኩለት ደንበኞቼ ሁለቱ ሰፍቼ የሰቀልኩላቸውን ቀሚስ ሊወስዱ ሳይመጡ ቀሩ። ትናንት ደግሞ፣ መንግሥትን ከመተቸት አፉ የማያርፈው አንድ አስተማሪ ደንበኛዬ ዛሬ ኮቱን ሊወስድ እንደሚመጣ ጻፍኩለት።

ዛሬ ቁርስ ላይ ስልኬን ሳየው፣ ስንት ስልክ እንደተገናኘ የሚያሳየው ቁጥር አራት ይላል።

«ጋሼ፣ አራተኛው ማነው?»

«ተሳስቶ ነዋ፣ መርፌዬ» አለ። መርፌዬ ብሎ የሚጠራኝ እሱ ብቻ ነው።

«እስቲ አጥፉና እንየው» አልኩ።

እናቴ የሷን አጠፋች። ሦስት አለ። ወንድሜም አጥፍቶ ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋው። ሁለት አለ። ቤት ውስጥ የቀረው የበራ ስልክ የኔው ብቻ ነው።

«ምንድነው ነገሩ፣ ልጄ?» አለችው እናቴ።

ወንድሜ ዳቦውን ይቆራርሳል እንጂ አይጎርስም። ቀና ብሎም አላየንም።

የኔንም ላጠፋው ጣቴን ሳሳርፍ መልእክት ገባ።

«አታጥፊው፣ መርፌዬ። አስተማሪው በስንት ሰዓት እንደሚመጣ ገና አልነገርሽንም።»