ተራ ጠባቂዋ

የልጅ ልጇ አንገት ወደ አንድ ጎን ተጣሞ አልዞር ካለ፣ ለሃጩም ይዝረበረብ ከጀመረ ወዲህ የሴትዮዋ ሐሳብ አንድ ብቻ ነበር፤ እንጥሉ ወርዷልና ማስቆረጥ። መጀመሪያ የወሰደችው ሆስፒታል ያገኘቻት ነርስ ግን የልጁን አንገት ዳሰስ አድርጋ፣ «ውስጡ መግል ሳይቋጥር አይቀርም እማማ፤ ከቆየ መተንፈሻውን ይዘጋበታል። ዶክተሩ ሳያየው እንዳይነሱ» ብላ ወረፋ አስያዘቻት።

ወረፋው አልንቀሳቀስ አለ። ሴትዮዋ አጠገቧ ልጅ ታቅፈው ወደተቀመጡት ባለ ወርቅ ጥርስ ባልቴት ዘንበል አለችና፣ «ሽንቱን ላሸናው ነው፤ ተራዬን ይያዙልኝ» ብላ ልጁን አዝላ ሹልክ አለች። ባጃጅ ይዛ በቀጥታ የሄደችው በዝና ብቻ ወደምታውቃቸው እንጥል ቆራጭ፣ ወደ እትዬ ዘርትሁን ቤት ነበር።

በሩ ተቆልፏል። አንዲት ጎረቤት ከአጥሩ በላይ ብቅ ብላ፣ «የሉም። የልጅ ልጃቸው አንገቱ አብጦ ጠዋት ሆስፒታል ይዘውት በረሩ» አለቻት።

«ምነው፣ እሳቸው አይቆርጡለትም?»

«እኔም ጠይቄያቸው ነበር። በልጅማ አይቀለድም አሉኝ። እዚያ ከፈለግሻቸው ወርቅ ጥርሳቸው ያስታውቃል።»

ሴትዮዋ በዚያው ባጃጅ ተመለሰች። ባልቴቷ አግዳሚው ላይ ያስቀመጡትን ዘንቢል አንስተው ቦታዋን ለቀቁላት።

«ተራዎን ይዤልዎታለሁ፤ ከእኛ ቀጥሎ እናንተ ናችሁ።»

«እትዬ ዘርትሁን?»

ባልቴቷ ወርቅ ጥርሳቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

«ቀስ ይበሉ እባክዎ፤ ዶክተሩ ይሰማል።»