የአባወራው ቃል

አባትየው በሕይወት ሳሉ አፋቸው የሚፈጥን ሰው ነበሩ። አንዱን ሳይጨርሱ ሌላውን ይጀምራሉ፤ ሰሚው ደረሰባቸው አልደረሰባቸው ግድ የላቸውም። ከሞቱ በኋላ በተገኘው የቴፕ ክር ላይ ግን እያንዳንዱን ቃል ይጎትታሉ። ልጆቻቸው ይህን ከሕመሙ ቆጠሩት። ሞት የቀረበው ሰው ይረጋጋል አሉ። ድምፃቸው ከበድ ማለቱንም ወደዱት።

ይህን ክር ከቀብር በኋላ ከአባትየው ትራስ ሥር ያገኙት እናትየው ናቸው። የተቀዳው ቃል አጭር ነው። «ልጆቼ… እናታችሁ በሕይወት እስካለች… ቤቱ አይሸጥም። ደህናዎቹ ብርጭቆዎች… ለእንግዳ እንጂ… ለልጆች አይውጡ።»

ታላቅየው ልጅ ብርጭቆዎቹ ጋ ሲደርስ አለቀሰ። አባቱ ውሃ እንኳ ሲጠማቸው ብርጭቆ የት እንደሚቀመጥ ሳያውቁ ነው የኖሩት። «ለካ ሁሉን ያዩ ነበር» አለ።

ከዚያ ወዲህ ቴፑ ሳሎን ውስጥ ዳንቴል ለብሶ ተቀመጠ። የዘፈን ክሮቹን እናትየው ለዘመድ አደሉ፤ የእሱ ድምፅ ባለበት ጭፈራ አይሰማም ብለው። ቤት የመሸጥ ወሬ በተነሳ ቁጥር ግን ዳንቴሉን ገለጥ ያደርጋሉ። ወሬው እዚያው ያልቃል።

ችግሩ መጨረሻው ላይ ነው። ከብርጭቆዎቹ በኋላ ቴፑ የሆነ ነገር ያጉረመርማል፤ ምን እንደሆነ አይለይም። ታላቅየው ለቤቱ ገዥ አግኝቷል፤ ለእናቱም ከራሱ ቤት ጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል አስቦላቸዋል። ጉርምርምታው «ካስፈለገ ግን ሽጡት» የሚል መሰለው። ታናሽየው ደግሞ «ቤቱ ለታናሹ ይሁን» ነው የሚለው ብሎ ድርቅ አለ። ሲጨቃጨቁ ከረሙና በመጨረሻ ቴፑ ይጠገን ተባለ።

«ተዉት» አሉ እናትየው። «የሞተ ሰው ድምፅ አይጎረጎርም። ለእኔ እንደነበረ ይበቃኛል።»

የታላቅየው ሚስት አዘነችላቸው። «ድምፁ እንዳይለወጥባቸው ፈርተው እኮ ነው» አለች ለባሏ። ልክ ነበረች።

ልጆቹ ቴፑን ይዘው ከእናታቸው ጋር የሄዱበት ጥገና ቤት ጠባብ ነው፤ ግድግዳው ሆዳቸው የተዘረገፈ ሬዲዮዎች ተደርድረውበታል። ቴፕ ሠሪው የኋላ ክዳኑን ፈታና መብራት አስጠጋ።

«እነዚህን አያችኋቸው?» ጥቃቅን፣ ድፍን ቆርቆሮዎችን አሳያቸው። «ኮንደንሰር ናቸው፤ ድምፅ የሚያጠሩት። ዕድሜ ሲጫናቸው ውስጣቸው ይደርቃል። ታሽገው ስለተሠሩ ከውጭ ሲታዩ ግን አዲስ ይመስላሉ።»

«እሱ ነው የሚያጉረመርመው?» አለ ታላቅየው።

«እሱም አለበት። ግን ይቺን የፍጥነት ብሎን ተመልከት፤ እስከ ጥጓ ተጠምዛ ክሩን ታዘገየዋለች። እርጅና ብሎን አይጠመዝዝም። ሰው ነክቷታል።»

ታላቅየው ወደ ወንድሙ ዞረ። ታናሽየው አባታቸው ሲሞቱ ገና ጎረምሳ ነበር፤ ቤት ውስጥ ያልፈታው ዕቃ አልነበረም።

«ምን ታፈጥብኛለህ?»

«አትቆጣው» አሉ እናትየው ቀስ ብለው። «ያኔ እጁ አያርፍም ነበር። ሳያውቅ ነው።»

ታናሽየው ትንሽ አሰበ። «ይሆናል» አለና አንገቱን ደፋ። ወደ ቤት ሲመለሱ ግን ታላቅየው ትከሻውን አቀፈው። «ቢያንስ አባባን በራሳቸው ጥድፊያ ልንሰማቸው ነው» አለው። ሁለቱም ከልባቸው ደስ አላቸው።

ሥራው ጊዜ ወሰደ። ቴፕ ሠሪው የደረቁትን ቆርቆሮዎች አንድ በአንድ እየነቀለ በአዲስ ተካ። እናትየው የቤተሰቡን ክር ከእጃቸው ስላላወጡ፣ ፍጥነቱን የሚያስተካክለው አንድ ፉጨት ብቻ በተቀዳበት በራሱ የመለኪያ ክር ነበር። እሳቸው ብቅ ይሉና በርጩማው ላይ ተቀምጠው ያጫውቱታል።

«አልጨረስክም አይደል፣ ልጄ?»

«ትንሽ ቀረኝ፣ እማማ።»

ቸኩለው መስሎት እጁን ያፋጥናል።

ያለቀ ዕለት ሁሉም መጡ። እናትየው ክሩን ቤት ረሳሁት አሉ። ምራታቸው ከቦርሳቸው አውጥታ ሰጠች። ታላቅየው ለቴፕ ሠሪው «የቤተሰብ ነው» ከማለት በቀር ትንፍሽ አላለም፤ የቤት ገመናው ባዕድ ጆሮ እንዲገባ አልፈለገም።

ክሩ መዞር ጀመረ። ድምፁ ፈጠን ብሎ፣ ቀጠን ብሎ፣ ጥርት ብሎ ወጣ። ስለ ቤቱ ተናገረ። ስለ ብርጭቆዎቹ ተናገረ። ታናሽየው ወደ ቴፑ ጠጋ አለ። ታላቅየው የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘ። ከዚያ ያ ጉርምርምታ መጣ፤ አሁን እያንዳንዱ ቃል ይለያል።

«ኡፍ! ይሄ ደግሞ በየት በኩል ነው የሚጠፋው?»

ቴፕ ሠሪው ሳቁ አመለጠውና ወደ እናትየው ዞረ። «እማማ፣ ድምፅዎ እኮ እስካሁን ምንም አልተለወጠም!»