ቀይዋ የአባታቸው መኪና

መኪና ጎታቹ ሰንሰለቱን ይዞ ወደ ጋራዡ ሲገባ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ አባቷ ሲሞቱ የተዉት አሮጌ ቀይ የስፖርት መኪና ውስጥ መሪውን ጨብጣ ተቀምጣ ነበር። እጇ እስከ ክርኗ በግሪስ ጠቁሯል። ታላቅ ወንድሟ ከፊት ለፊቷ ቆሞ መዳፎቹን ኮፈኑ ላይ አሳርፏል። "ውረጂ በቃ" አላት። "መርፌና ክር የለመደ እጅ ሞተር አይገጥምም። መኪናዋ ዛሬ ለቁርጥራጭ ብረት ትሸጣለች።"

"መጀመሪያ ላስነሳት" አለችው። ሞተሩን ስትፈታ ፒስተን ምን እንደሚመስል እንኳ አታውቅም ነበር። እያንዳንዱን ብሎን በልብስ መቁረጫ ጠመኔዋ ምልክት እያደረገች፣ እየተሳሳተችና እንደገና እየፈታች ነበር መልሳ የገጠመችው። ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ አጉረመረመና ዝም አለ። ወንድሟ ሳቀ። "አላልኩሽም?"

ጥርሷን ነክሳ ደግማ አዞረችው። መኪናዋ ጥቁር ጭስ ተፋች፣ ተንዘፈዘፈች፣ ከዚያም የጋራዡ ቆርቆሮ እስኪንቀጠቀጥ አገሳች። ጎታቹ ሰንሰለቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ "እኔ የምጎትተው የማይሄደውን ነው" ብሎ ወጣ። ወንድሟ ግን ኮፈኑን ይበልጥ ተጫነው። "ከዚህ ንቅንቅ አልልም!" ብሎ ጮኸ። "እስቲ የት እንደምትደርሺ አያለሁ!" እንባዋ ሊመጣ ሲል ዋጥ አደረገችው። ፍሪሲዮኑን ረግጣ አንደኛ ማርሽ አስገባችና አንገቷን በመስኮቱ ብቅ አደረገች።

"ወንድም ጋሼ፣ ዘወር በል" አለችው ረጋ ብላ። "ፍሬኑን ገና አልሠራሁትም።"