ስሜን የተሸከመው ማሽን

ልጄ ዮርዳኖስ ጠዋት ጠዋት ላፕቶፕዋን ከፍታ፣ ሩቅ አገር ያሉ ማሽኖችዋን በየስማቸው እየጠራች ደህና መሆናቸውን ታያለች። አንዱ ቢወድቅ ቁርጥ እሱን የሚመስል ሌላ ወዲያው በቦታው ይነሳል ትለኛለች። ለአንዱ የኔን የእናቷን ስም፣ «ለተንሳኤ»ን፣ ሰጥታዋለች። «የሰው ስም ለብረት ይሰጣል እንዴ፣ አንቺ ደንቆሮ!» ብዬ ሰድቤያታለሁ። ፊደል ባልቆጥርም ነውር አውቃለሁ።

ዛሬ አጠገቧ ተቀምጬ ምስር እለቅማለሁ።

«ለተንሳኤ ወድቃለች» አለች።

«ሟርተኛ! ይኸው አለሁ አይደል?» አልኳት።

ቀና እንኳ አላለችም። ትከሻዋን ይዤ ነቀነቅኳት፤ አልተሰማትም።

«ተተክታለች» አለች፣ ፈገግ ብላ። «ኣደየ፣ እናቴ፣ ቁርስ ደረሰ?»

«እወ ጓለይ፣ መጣሁ ልጄ» ሲል ከጓዳ የኔው ድምፅ መለሰላት።