የላሟ ሰንበት

ተመራማሪዋ ሺሪ እንደምትለው የአብሹ ጭማቂ ሠርቷል። ላሟ ስታገሳ የሚወጣው ሚቴን ጋዝ ቀንሷል፤ መኖዋ ነፋስ መሆኑ ቀርቶ ወተት ሊሆን ነው። ያሮን እንደሚለው ደግሞ ጋዙ እንደነበረው ነው፤ ከአብሹ የተረፈው በሁሉም ልብስ ላይ ያለው ሽታ ብቻ ነው። ሺሪ የምትለካው ሐሙስ ነው፤ አለቃዋ ያሮን እሑድ ጠዋት።

ወጣቱ ማለደ በሁለቱ መሃል ቆሟል። ኮሌጅ እየተማረ፣ በእስራኤል አሽቀሎን ከተማ ዳር ባለው በዚህ በረት ሙከራውን ያግዛል። ሁለቱንም ያምናል፤ የቸገረውም ይኸው ነው።

«አርብ ማታና ቅዳሜ ላሟ ምን ትበላለች?» ሲል ጠየቀ።

ድርቆሽ ይበትኑ የነበሩት ጋሼ ፈረደ መንሻቸውን ተከሉ። አምና ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ከመጡ ወዲህ በረቱን የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው።

«እኔን ጠይቀኝ» አሉ። «አርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጋዟን የምትለኩበትን ጭንብልና ከረጢት አወልቅላታለሁ። ያንን መራራችሁንም አልሰጣትም። እሑድ ሲነጋ እመልስላታለሁ።»

«ለምን ጋሼ?»

«ለምን ይለኛል! የጋዝ ከረጢት ተሸክማ ሰንበትን ትዋል? በሬውም አህያውም ይረፍ የተባለውን ኮሌጅ ገብተህ ረሳኸው? ጎንደር ሳለን ስንቱ ሲያስፈራራን ያልሻርነውን ሰንበት፣ ኢየሩሳሌም አገር ገብቼ ለላም ግሳት ልሻረው?»

ማለደ ወደ ዕብራይስጥ መለሰው። ሺሪ አፏን ይዛ ሳቀች። ያሮን አልሳቀም፤ ጣቱን ወደ ሽማግሌው ቀሰረ።

«ማስፒክ! በቃ! ሁለተኛ እንዳይነካት ቃል ይግባ። አለዚያ ከነገ ጀምሮ አይምጣ።»

ማለደ ሊተረጉም ሲል ጋሼ ፈረደ እጃቸውን አነሱ። «ጣቱን አይቼ ገብቶኛል። እኔ ቃል የገባሁት አንዴ ነው፤ ለእሱም አይደለም።»

ላሟ በጭንብሏ ውስጥ ታመሰኳለች። ሽማግሌው ሙከራውን አበላሽተዋል፤ እውነት ነው። ማንም አልጠየቃቸውም፤ ይህም እውነት ነው። ማለደ ራሱ እንኳ ስንት ጭማቂ እንደሚሰጧት ነገራቸው እንጂ ለምን እንደሆነ አልነገራቸውም። ደግሞስ አብሹ ሲቋረጥ ጋዙ ከተመለሰ፣ ሲሰጣት ያስቀነሰው ሌላ ምን ሊሆን ነው?

መጀመሪያ ለያሮን በዕብራይስጥ ተናገረ። ከዚያ ሽማግሌው እንዲሰሙት ዞሮ፣ ድምፁን ሳይቀንስ ባማርኛ ደገመው፦

«እንደገና እንጀምራለን። ስድስት ቀን አብሽ፣ ሰንበት ዕረፍት። የሚባረር ካለ ግን ሁለት ነን፤ ከዚህ አርብ ጀምሮ ጭንብሏን የማወልቅላት እኔ ነኝ።»