አሥሩ ሰማያዊ ቀፎዎች

ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. መልካ ወረር ላይ የሃያ ቀፎ ማር ተመዘነ። የደጋ ንብ የገባባቸው አሥር ሰማያዊ ቀፎዎች 112 ኪሎ ሰጡ፤ የቆላ ንብ የገባባቸው አሥር ነጭ ቀፎዎች 47። በማግስቱ ውጤቱ ሰመራ፣ የንብ ማነብ ፕሮጀክቱ ቢሮ ደረሰ። ስብሰባው ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ፕሮጀክቱ በአዋሽ ዳርቻ ለሚያደራጃቸው ሴቶች ሁሉ የደጋ ንብ እንዲገዛ ተወሰነ።

ሐቢባ አዋሽ ከተማ የምትኖር የቆላ ንብ ሻጭ ናት። ሠላሳ አንድ መንጋ ነበራት፤ አንዱንም በገንዘብ አልገዛችውም። የባዶ ቀፎ ውስጡን በሰም ታሻለች፣ በጭስ ታጥነዋለች፣ ዛፍ ላይ ትሰቅለዋለች። ክረምት ሲገባ ንቡ ራሱ ይመጣል። አምስት ልጆች ያሳደገችው በዚህ ነው። ፕሮጀክቱ ከተዋት ሌላ ገዢ የላትም።

ወሬውን መናኸሪያው አጠገብ የነገራት ትግሉ የሚባል የጅቡቲ መስመር የጭነት መኪና ረዳት ነው።

«ሐቢባ፣ ንቦችሽ ፈተና ወደቁ አሉ!»

«አንተ መንጃ ፈቃድ ስንቴ ወደቅክ?»

«ሦስቴ።»

«እንግዲያው ዝም በል።»

ሰዎች ሳቁ። እሷ ግን ሻይዋን ሳትጨርስ ወደ መልካ ወረር የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገባች።

ሙከራው የተጀመረው በመጋቢት ነበር። የደጋ ንቦቹ ከደሴ በሚሌ በኩል በአይሱዙ መጡ። ትልልቅ፣ ጠቆር ያሉና ገራም ናቸው ተባለ። ሙቀት ሲበዛባቸው ቀፎ ጥለው ስለሚሄዱ ከሰማያዊ ቀፎዎቹ በላይ የሣር ዳስ ተሠራ። ነጮቹ ቀፎዎች፣ የቆላ ንብ ፀሐይ ለምዷል ተብሎ፣ ሜዳ ላይ ቀሩ። ሐቢባ የአንደኛው ወገን ሻጭ ስለሆነች ወደ አጥሩ እንዳትገባ ተከለከለች።

በየቀኑ ቀፎዎቹ ዘንድ የሚውለው ጥበቃው ዩሱፍ ብቻ ነው። አንድ መንጋ ቢጎድል ከሥራ እንደሚሰናበት ፈርሞ ገብቷል። በየወሩ መጨረሻ መዝገቡ ላይ «አሥሩም ሙሉ፣ አሥሩም ሙሉ» ብሎ ይጽፋል። የፕሮጀክቱ ባለሙያ ፍቅረሰላም ከሰመራ እየመጣ ይፈርማል።

ሐቢባ ስትደርስ ዩሱፍ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ከጎጆው ደጃፍ ባዶ የስኳር ጆንያ ተነጥፏል።

«ይሄ ስኳር ለማን ነበር?»

«ለሰማያዊዎቹ። ባለሙያው አዞኝ ነው። እስከ ሰኔ በጥብጬ ሰጠኋቸው። ከሐምሌ ወዲህ ዞር ብለውም አላዩት፣ ተውኩት።»

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ!»

«ታዲያ ለምን መሬት መሬት ታያለህ?»

ዩሱፍ ወደ ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ። ሐቢባ ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋትም። የደጋ ንቦቹ ያሸነፉት በስኳር ነው፤ ስኳሩን ሲያጠጣ የከረመው ደግሞ ዩሱፍ ነው።

በማግስቱ ሰመራ ገባች። ሙቀቱ ገና በጠዋቱ ግድግዳውን ያግላል። ፍቅረሰላም የግራ ዓይኑ አብጦ ተደፍኗል።

«ይቀመጡ፣ ወይዘሮ ሐቢባ።»

«አልቀመጥም። ዓይንህን ምን ነካው?»

«ንብ ነደፈኝ። ማር ስንቆርጥ።»

«የእኔዎቹ ናቸው?»

«ኧረ የደጋዎቹ።»

«ፊት ላይ ብትራመድ አትነድፍም ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

«ሽቶ ተቀብቼ ነበር። ሽቶ አይወዱም።»

«ማር ልትቆርጥ ሽቶ? ሊድሩህ ነበር እንዴ?»

ፍቅረሰላም ሊስቅ ሞከረ፤ ዓይኑ አልፈቀደለትም። ማሩ የተቆረጠው ሲመሻሽ፣ በጭስ መሀል እንደሆነና እሱም በመከላከያ መረቡ ውስጥ ደህና አድርጎ እንደማያይ አስረዳት። ሐቢባ ስለ ስኳሩ ነገረችው። ሰውየው ፍትሐዊ ነው። አቤቱታዋን ተቀብሎ የሰማያዊዎቹን ማር አስመረመረ።

ውጤቱ እስኪመጣ አራት ሳምንት ፈጀ። ሐቢባ በእነዚያ ሳምንታት አንድ ቦታ መቀመጥ አልቻለችም። ጠዋት ወንዙ ዳር ትወርዳለች፣ ቀፎዎቿን ትቆጥራለች፣ ትመለሳለች፣ ስልኳን አይታ እንደገና ትወርዳለች። ፍቅረሰላም ጋ በቀን ሁለቴ ትደውላለች። ትግሉ እንኳ መቀለዱን ተወ።

ታኅሣሥ 14 ቀን ፍቅረሰላም ራሱ ደወለ።

«ማሩ ንጹሕ ነው። ስኳር የለበትም።»

«በደንብ አይተውታል?»

«ሁለት ጊዜ ነው ያዩት። ወይዘሮ ሐቢባ፣ ንቦቹ በልጠዋል። እኔ ምን ላድርግ?»

«ዩሱፍስ?»

«ዩሱፍ ምንም አላጠፋም። ይቅርታ ሊጠይቁት ይገባል።»

ጠየቀችው። መልካ ወረር ድረስ ሄዳ በአጥሩ ቀዳዳ «አውፍ በለኝ» አለችው። ዩሱፍ እንደገና መሬት መሬት አየ።

ጥር ሲገባ ሐቢባ ቀፎዎቿን ማውረድ ጀመረች። ማሩን ቆረጠች፣ ሰሙን አቀለጠች፣ ባዶ ቀፎዎቹን ለማገዶ ሰጠች። ንቦቹ ሁለት ቀን ዛፎቹን ሲዞሩ ሰንብተው ወደ ወንዙ ማዶ ሄዱ። ሠላሳ አንደኛውን ቀፎ ያወረደችው ጥር 20 ቀን ነው።

በዚያው ሳምንት ፕሮጀክቱ ስለ አሸናፊው ዝርያ ለሚያሳትመው መመሪያ የንቦቹ ልክ አስፈለገ። ከአዲስ አበባ የመጣ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ከእያንዳንዱ ሰማያዊ ቀፎ ሠላሳ ሠላሳ ንብ በአልኮል ጠርሙስ ወሰደ። ክንፋቸውን ለካ፣ ቀለማቸውን መዘገበ።

ጥር 28 ቀን ሁለት መቶ የደጋ መንጋ የጫኑ መኪኖች ሚሌ ላይ ነዳጅ ሲቀዱ፣ የላቦራቶሪው ደብዳቤ ሰመራ፣ የፍቅረሰላም ጠረጴዛ ላይ ደረሰ።

ከአሥሩ ሰማያዊ ቀፎዎች የተወሰዱት ሦስት መቶ ንቦች በሙሉ የቆላ ንቦች ናቸው ይላል።